ሽሬ በባሕር ውስጥ፦ የአንዲት ሰርጓጅ መርከብ ታሪክና የስሟ ነገር

«ሽሬ» የሚለው ስም በየትውልዱ ጆሮ የሚሰጠው ድምፅ የተለያየ ነው። ለዛሬው ወጣት ከ2020 እስከ 2022 የተካሄደውን ጦርነትና የተፈናቃዮችን መጠለያ ያስታውሰዋል። በዕድሜ ከእርሱ ከፍ ላለው ሰው ደግሞ ደርግ በ1981 ዓ.ም. 604ኛ ኮሩን ያጣበት የጦር ሜዳ ነው። ለአያቶቻችን ሽሬ ማለት በየካቲት 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ ኢምሩ ጦር ከፋሺስት ኢጣልያ ጋር የተናነቀበት፣ በኋላም ወደ ተከዜ ሲያፈገፍግ በሰማይ እሳት የተቃጠለበት ምድር ነው። ለኢጣልያውያን ግን፣ በተለይም ለባሕር ኃይላቸው ሰዎች፣ ይህ ቃል ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም አያስታውስም። ለእነርሱ «ሺሬ» መርከብ ናት፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከቦቻቸው መካከል በጀግንነት ስሟ እጅግ የገነነ ሰርጓጅ መርከብ።

በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ያለው ርቀት ለረጅም ጊዜ ሲያስገርመኝ ኖሯል። ስለዚህ የዚህችን መርከብ ታሪክ ከልደቷ እስከ ሞቷ፣ ከሞቷም በኋላ ያለውን ጭምር፣ ለአንባቢ ላቀርብ ወደድኩ። ከተማዋን «ሽሬ»፣ መርከቧን ደግሞ ጣልያኖቹ እንደሚጠሩት «ሺሬ» እያልኩ እቀጥላለሁ። «ዓ.ም.» ብዬ ከጻፍኳቸው በቀር ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ እንጀምር። የሙሶሊኒ መንግሥት ኢትዮጵያን ከወረረ በኋላ ድሉን በአደባባይ ሐውልትና በጎዳና ስም ብቻ አላከበረም፤ በብረትም ላይ ጻፈው። በዚያን ጊዜ ኢጣልያ መጠናቸው 600 ቶን ገደማ ስለሆነ «600» ተብለው የሚጠሩ ሰርጓጅ መርከቦችን በተከታታይ ትሠራ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ወገን «የአድዋ ምድብ» ተብሎ ተሰየመ። በዚህ ምድብ ለኢጣልያ ባሕር ኃይል የተሠሩት 17 መርከቦች የተሰጣቸው ስም ከአፍሪካ ቀንድ የተለቀመ ነው፦ አድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ አራዳም፣ አሸንጌ፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ነገሌ፣ ደገሐቡር፣ ዋቢ ሸበሌ እያለ ይቀጥላል። ዝርዝሩን በአንድ ትንፋሽ ያነበበ ሰው የባዶሊዮንና የግራዚያኒን የዘመቻ ካርታ ያነበበ ያህል ነው። አድዋ በምድቡ ራስ ላይ መቀመጧም ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ በ1896 የተዋረዱባትን፣ በኦክቶበር 1935 ተመልሰው የገቡባትን ከተማ ስም ነው የወሰዱት። በነገራችን ላይ፣ መጀመሪያ ጎንደር፣ ነገሌና አሸንጌ የተባሉት ሦስት መርከቦች ገና በመሠራት ላይ ሳሉ ለብራዚል ተሸጡ፤ ስሞቹም ለሌሎች ሦስት መርከቦች ተሰጡ። ስማችን በዚህ መልክ በፋብሪካ ቅጥር ግቢ ውስጥ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ሲለጠፍ እኛ የምናውቀው ነገር አልነበረም።

የሽሬ ውጊያ ከፌብሩዋሪ 29 ቀን 1936 ጀምሮ ለጥቂት ቀናት የተካሄደ ነው። ባዶሊዮ የራስ ሙሉጌታን ጦር በአምባ አራዳም፣ የራስ ካሣንና የራስ ስዩምን ጦር በተምቤን ከመታ በኋላ በሰሜን ግንባር የቀረው ትልቅ ኃይል የልዑል ራስ ኢምሩ ጦር ነበር። ልዑሉ በዲሴምበር 1935 በደምበጊና በር የጠላትን ታንኮች ማርከውና አቃጥለው ነበርና የሚናቁ ባላጋራ አልነበሩም። ባዶሊዮ ሁለት ኮሮች አንቀሳቀሰ። አንደኛው ከአክሱም በኩል ተነሥቶ ሲገሰግስ ድንገት ተመትቶ ቆመ፤ ከኤርትራ በኩል እንዲመጣ የታዘዘው ሌላው ኮር መንገድ አስቸግሮት ለዋናው ውጊያ ሳይደርስ ቀረ። ጣልያኖች ራሳቸው የመዘገቡት የወገናቸው ጉዳት አንድ ሺህ ይጠጋል። ከሰሜኑ ግንባር ውጊያዎች መካከል ጦራችን ከሞላ ጎደል በሥርዓት ተዋግቶ በሥርዓት የለቀቀበት ይህ ውጊያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዋናው እልቂት የደረሰው ከውጊያው በኋላ ነው። ወደ ተከዜ መሻገሪያዎች የወረደውን ሠራዊት አውሮፕላኖች በመትረየስ፣ በሚያቃጥል ቦምብና በሰናፍጭ ጋዝ ደበደቡት። ልዑል ራስ ኢምሩ በተከዜ ሸለቆ ያዩትን የጋዝ ጉዳት ከብዙ ዓመታት በኋላ ለኢጣልያዊው የታሪክ ጸሐፊ ለአንጀሎ ዴል ቦካ በዝርዝር መስክረዋል። የኢጣልያ መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ ጋዝ መጣሉን በመከላከያ ሚኒስትሩ በዶሜኒኮ ኮርቾኔ አፍ ያመነው በ1996 ነው፤ ስድሳ ዓመት ፈጀበት።

መርከቧ በላ ስፔዝያ አጠገብ በሙጃኖ የመርከብ መሥሪያ ቤት ጃንዋሪ 6 ቀን 1938 ወደ ባሕር ስትወርድ፣ የሽሬው አዝማች ልዑል ራስ ኢምሩ በኢጣልያ ምድር እስረኛ ነበሩ። በዲሴምበር 1936 በምዕራብ ኢትዮጵያ ተማርከው ተወስደው ነበር፤ ከታሰሩባቸው ስፍራዎች አንዷም የፖንዛ ደሴት ናት። ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል፤ ሙሶሊኒ በጁላይ 1943 ከሥልጣን ሲወርድ ወደ ፖንዛ ተወስዶ የተቀመጠው ራስ ኢምሩ በኖሩበት ቤት ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ ብረቷ እንመለስ። ኩሪዮ በርናርዲስ የተባለ የባሕር ኃይል መሐንዲስ የነደፋት ሺሬ 60 ሜትር ርዝመት ነበራት፤ አራት በፊት፣ ሁለት በኋላ፣ በጠቅላላው ስድስት የቶርፒዶ ማስወንጨፊያዎች ታጥቃለች፤ የምትይዘውም 45 ያህል ሰው ነው። እንደ ዘመኗ ሰርጓጅ መርከቦች ሁሉ ሁለት ዓይነት ጉልበት ነበራት። በውኃው ፊት ስትሄድ በናፍጣ ሞተር እስከ 14 ኖት ትሮጣለች፤ የናፍጣ ሞተር ግን እንደ ሰው አየር ይፈልጋልና ስትጠልቅ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ በባትሪና በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ቢቸኩሉባት በሰባት ኖት ተኩል ለጥቂት ጊዜ ትሄዳለች፤ ቢታገሡ ደግሞ በእግረኛ ፍጥነት ቀኑን ሙሉ ትድሃለች። ሌሊት ወጥታ ሞተሯን አስነሥታ ባትሪዋን መሙላት፣ አየሯንም መለወጥ አለባት። እንግዲህ የዚህ ዓይነት መርከብ አዛዥ ሥራ ከተኩሱ ይልቅ ቁጠባው ነው ማለት ይቻላል፤ የቀረውን ኤሌክትሪክ፣ የቀረውን አየርና እስኪነጋ የቀረውን ሰዓት ሲያሰላ ይኖራል። በሺሬ ታሪክ ውስጥ ያሉት ድሎች ሁሉ ከዚህ ሂሳብ የወጡ ናቸው።

የመጀመሪያ የጦርነት ሥራዋ ለመዝሙር የሚሆን አልነበረም። ጁላይ 10 ቀን 1940 ከሰርዴኛ ሰሜን «ሼክ» የምትባል አንድ ሺህ ቶን ገደማ የምትሆን የፈረንሳይ የንግድ መርከብ አሰጠመች፤ ያን ጊዜ ፈረንሳይ ከኢጣልያ ጋር የተኩስ አቁም ከተፈራረመች ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። ሺሬን ሺሬ ያደረጋት ከዚያ በኋላ የተደረገላት ለውጥ ነው።

ቴሴዎ ቴዜይና ኤሊዮስ ቶስኪ የተባሉ ሁለት መሐንዲስ መኮንኖች ሰው የሚጋልበው ቶርፒዶ ሠርተው ነበር። ሁለት ሰዎች የጠላቂ ልብስ ለብሰው፣ ኦክስጅን በአፋቸው ይዘው እንደ ፈረስ ይቀመጡበታል፤ በባትሪ ኃይል በቀስታ ይዋኛል፤ ከ200 ኪሎ በላይ ፈንጂ የተሞላው ራሱ ተፈትቶ ከጠላት መርከብ ሆድ ሥር ይንጠለጠላል፤ ሰዓት ቆጣሪው ተሞልቶ ይተዋል። በይፋ «ቀስ ብሎ የሚሄድ ቶርፒዶ» ነው የሚባለው፤ ጋላቢዎቹ ግን አልታዘዝ እያለ ሲያስመርራቸው «አሳማ» ብለውታል። እነዚህን «አሳማዎች» ወደ ጠላት ወደብ የሚያደርስ እናት መርከብ ሲያስፈልግ ነው ሺሬና ጎንደር የተመረጡት። የሺሬ መድፏ ተነሥቶ በጀርባዋ ላይ ውኃ የማያስገቡ ሦስት የብረት በርሜሎች ተተከሉላት፤ አንድ ከማማዋ ፊት፣ ሁለት ከኋላ። ሰውነቷን ፈዛዛ አረንጓዴ ቀብተው በጎኗ ላይ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የምትሄድ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሣሉባት፤ በጨለማ ለሚያያት ሰው ዓይን ማታለያ መሆኑ ነው። አዛዥ ሆኖ የተሾመውም ከሮማ ባላባቶች ወገን የሆነ፣ «ልዑል» የሚባል የዘር ማዕረግ የነበረው ዩኒዮ ቫሌሪዮ ቦርጌዜ ነው።

ቦርጌዜ ሺሬን ወደ ጂብራልታር አራት ጊዜ ወስዷታል። በሴፕቴምበር 1940 ከደጅ ሲደርስ የእንግሊዝ መርከቦች ከወደቡ ወጥተው ነበርና ባዶ እጁን ተመለሰ። በዚያው ሰሞን ወደ እስክንድርያ የተላከችው እኅቷ ጎንደር ዕድለ ቢስ ሆነች፤ በአውስትራሊያዊቷ ስቱዋርት ተከብባ ብዙ ሰዓት ከተደበደበች በኋላ በሴፕቴምበር 30 ሰጠመች፤ ፈጣሪው ቶስኪም ተማረከ። በኦክቶበር መጨረሻ ሺሬ የባሕር ወሽመጡን ኃይለኛ ሞገድ ታግላ፣ በጂብራልታር ፊት ለፊት ባለው የስፔን ዳርቻ ከውኃው ወለል ላይ ተኝታ ሦስቱን «አሳማዎች» ለቀቀች። ጂኖ ቢሪንዴሊ የተባለው መኮንን ባርሃም ከተባለችው ግዙፍ የጦር መርከብ ጥቂት አሥር ሜትሮች ሲቀሩት መሣሪያው ቆመበት፤ በሰው ጉልበት ሊጎትተው ሞክሮ ስላልቻለ ተማረከ። በሜይ 1941 የተደረገው ሦስተኛው ሙከራ ያለ ፍሬ ቀረ። የአራተኛው አካሄድ ግን ብልህ ነበር። ጋላቢዎቹ በመርከቧ ውስጥ ብዙ ቀን ታፍነው እንዳይደክሙ ተብሎ በሌላ መንገድ ወደ ስፔን ገቡ፤ በካዲዝ ወደብ ጦርነቱ ካገዳት ፉልጎር ከምትባል የኢጣልያ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ውስጥ ተደብቀው ጠበቁ፤ ሺሬ በጨለማ ተጠግታ ወሰደቻቸው። ስፔን ገለልተኛ አገር ናት ይባል ነበር። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1941 በጂብራልታር ሦስት የጭነትና የነዳጅ መርከቦች ተመቱ፤ አንዷ ሰጠመች፣ ሁለቱ ክፉኛ ተጎዱ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሜይ 5 ቀን 1941 አዲስ አበባ ገብተዋል። በኖቬምበር መጨረሻ የጎንደር የኢጣልያ ጦር፣ በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የመጨረሻው ትልቅ ምሽጋቸው፣ እጁን ሰጥቷል። ሺሬ ከላ ስፔዝያ ተነሥታ ወደ እስክንድርያ የተጓዘችው ዲሴምበር 3 ነው። ከጎንደር መውደቅ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። በጎኗ ስሙን የተሸከመችው አገር ከባለቤቶቹ እጅ ተመልሶ ገብቷል፤ ግዛቱ የለም፣ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ያን ስም የተሸከመችው መርከብ ግን ትልቁን ሥራዋን ገና አልሠራችም ነበር።

በሌሮስ ደሴት ስድስቱን ጋላቢዎች ተቀብላ፣ የፈንጂ አጥር ባለበት ባሕር ከወለሉ ተጠግታ እየዳሰሰች፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1941 ማታ ከእስክንድርያ ወደብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ደረሰች። ማማዋን ብቻ ከውኃው አወጣች፤ ሦስቱ «አሳማዎች» ከነጋላቢዎቻቸው ሄዱ፤ እርሷም ድምፅ ሳታሰማ ወደ መጣችበት ተመለሰች። የቀረውን ዕድል ጨረሰው። የወደቡ አጥር ለሚገቡ የእንግሊዝ መርከቦች ሲከፈት ስድስቱ ሰዎች በእነርሱ ማዕበል ውስጥ ተደብቀው አብረው ገቡ።

ሉዊጂ ዱራንድ ደ ላ ፔኔና ኤሚሊዮ ቢያንኪ የደረሳቸው ቫሊያንት የተባለችው የጦር መርከብ ነበረች። መሣሪያቸው ከመርከቧ አጠገብ ሰምጦ ከጭቃው ላይ ቆመ፤ ቢያንኪ የመተንፈሻው ነገር ሳይሆንለት ቀርቶ ወደ ላይ ወጣ። ደ ላ ፔኔ ብቻውን፣ በጭቃና በጨለማ ውስጥ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ያን ሁሉ ክብደት ጥቂት በጥቂት እየጎተተ 40 ደቂቃ ያህል ደከመ፤ ከመርከቧ ሆድ ሥር አድርሶ ሰዓት ቆጣሪውን ሞላ። ሁለቱም ተያዙ። የቫሊያንት አዛዥ ካፒቴን ቻርልስ ሞርጋን ፈንጂው የት እንዳለ ቢጠይቃቸው አንናገርም አሉ፤ በመርከቧ ታችኛው ክፍል፣ ከፈንጂው በላይ ባለው ጓዳ ታሰሩ። ጊዜው ሊደርስ ደቂቃዎች ሲቀሩት ደ ላ ፔኔ አዛዡን አስጠርቶ መርከቧ ልትፈነዳ ነው፣ ሰዎችህን አውጣ አለው፤ ቦታውን ግን አሁንም አልናገርም አለ። ተመልሶ ታሰረ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ቫሊያንት ተንቀጠቀጠች፤ ደ ላ ፔኔ ከጓዳው በሕይወት ወጣ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አንቶኒዮ ማርቸሊያና ስፓርታኮ ስከርጋት ሆዷ ሥር ፈንጂ ያሰሩባት ኩዊን ኤልሳቤጥ፣ የአድሚራል አንድሩ ካኒንግሃም ባንዲራ የሚውለበለብባት መርከብ፣ ተነሥታ ተቀመጠች። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ሳጎና የተባለች ነዳጅ ጫኝ መቱ፤ ከአጠገቧ የነበረችው ጀርቪስም ተጎዳች። ስድስቱም ጋላቢዎች ተማረኩ። ማርቸሊያና ስከርጋት ፈረንሳዊ መርከበኛ መስለው ከከተማዋ ወጥተው ነበር፤ የባሕር ኃይላቸው የሰጣቸው ገንዘብ ግን በግብፅ የማይሠራበት የእንግሊዝ ብር ሆኖ አጋለጣቸው። ባሕር ሥር ተአምር የሚሠራ ድርጅት በገንዘብ ዝርዝር መሳሳቱ ለቢሮክራሲ ምንነት ጥሩ ማስረጃ ነው።

የውጤቱን ክብደት ለመረዳት ወሩን ማየት ይበቃል። በኖቬምበር 1941 እንግሊዝ አርክ ሮያልንና ከሺሬ ሰዎች አምልጣ የነበረችውን ባርሃምን በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች አጥታለች፤ በዲሴምበር 10 ደግሞ ሁለት ግዙፍ መርከቦቿን በማላያ ዳርቻ ጃፓኖች ከአየር አሰጥመዋል። አሁን በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የነበሩት ሁለቱ የቀሩት በስድስት ሰዎች እጅ ከአገልግሎት ወጡ። ሆኖም ውኃው ጥልቅ ስላልነበረ መርከቦቹ ቀጥ ብለው ከወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ከሰማይ ለሚያይ ሰው ምንም የሆኑ አይመስሉም። ካኒንግሃም በመርከቧ ላይ የተለመደውን ሥርዓት እያስፈጸመ፣ እንግሊዞችም ምሥጢሩን ጠብቀው ወራት አሳለፉ፤ ቸርችል እንኳ ጉዳዩን ለምክር ቤቱ የገለጠው በኤፕሪል 1942 በዝግ ስብሰባ ነው። የኢጣልያ ባሕር ኃይል፣ ነዳጅም አጥሮት፣ በዕድሉ ሳይጠቀምበት ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ጋር ሁልጊዜ ተያይዞ የሚነገር አንድ ትዕይንት አለ። በማርች 1945፣ ኢጣልያ ወገን ለውጣ ከተባባሪዎቹ ጎን በቆመችበት ጊዜ፣ በታራንቶ ለደ ላ ፔኔ የወርቅ ሜዳይ ሊሰጥ ሥርዓት ተዘጋጀ። ሜዳዩን ከደረቱ ላይ ያደረገለት በዚያው የተገኘው ሞርጋን ነበር፤ መርከቡን ያፈነዳበት ያ አዛዥ። ልብ የሚነካ ነገር መሆኑን አልክድም። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ የተያዩት እንደ ሰው ነው፤ ደ ላ ፔኔ የጠላቱ መርከበኞች እንዳያልቁ አስጠነቀቀ፣ ሞርጋንም ውለታውን አልረሳም። ግን ይህን ባነበብኩ ቁጥር አሳቤ ወደ ተከዜ መሻገሪያ ይሄዳል። በዚያ ላይ የሚበርሩት አብራሪዎች ለማንም አላስጠነቀቁም። የሞቱትን በስም የመዘገበ የለም፤ በአደባባይ ቆሞ እጅ የነሣቸውም የለም። መርከቧ ስሟን የወሰደችው ከዚያ ነው፤ የምትታወሰው ግን በዚህ ነው። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ሳያስቀምጡ ስለ ሺሬ ክብር መጻፍ፣ በእኔ እምነት፣ ግማሹን ገጽ ቀዶ መጣል ነው።

ሺሬ ከእስክንድርያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ቦርጌዜ ለሌላ ኃላፊነት ሲነሣ ብሩኖ ዜሊክ ተረከባት። በኦገስት 1942 በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በነበረችው በፍልስጤም ሐይፋ ወደብ ያሉትን መርከቦች እንድታጠቃ ታዘዘች። በዚህ ጊዜ የያዘችው «አሳማ» ሳይሆን እየዋኙ በመርከብ ሆድ ላይ ፈንጂ የሚለጥፉ ጠላቂዎችን ነበር። ነገር ግን እንግሊዞች የጠላትን የምሥጢር መልእክት ይፈቱ ስለነበር ወደቡ ነቅቶ ጠበቃት። ኦገስት 10 አይላ የምትባል ትንሽ የጥበቃ መርከብ አገኘቻትና የጥልቅ ውኃ ቦምብ ጣለችባት፤ ወደ ላይ ብቅ ስትል ተመታች፤ ከምድርም መድፎች ተተኮሱባት። ከወደቡ ጥቂት ርቀት 33 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አረፈች። በውስጧ የነበሩት ስድሳ ያህል ሰዎች ሁሉም አለቁ።

የእኅቶቿም ዕጣ ከዚህ የተሻለ አይደለም። መቀሌ ኢጣልያ ጦርነት በገባች በአምስተኛው ቀን፣ ከምጽዋ ወጥታ ሳለች፣ የአየር ማቀዝቀዣዋ ጋዝ አፈትልኮ ባሕርተኞቿን መርዞ አእምሯቸውን አሳታቸውና በሱዳን ዳርቻ ካለች ደሴት ላይ ተላትማ ጠፋች። ጋዝ ከዚህ ምድብ ስሞች ጋር እንዲህ መገናኘቱን ሳነብ ምን እንደምል አላወቅኩም። ነገሌ በ1941 መጀመሪያ፣ አድዋና ተምቤንም በዚያው ዓመት በእንግሊዝ መርከቦች ሰጠሙ፤ ደሴና ደገሐቡር በ1942፣ አሸንጌ በ1943 ተከተሉ። አክሱም በኦገስት 1942 በአንድ ተኩስ ሁለት የጦር መርከቦችና ኦሃዮ የተባለችውን ነዳጅ ጫኝ መትታ ስሟን ካስጠራች በኋላ በ1943 መጨረሻ በግሪክ ዳርቻ ከመሬት ላይ ወጥታ ስለቀረች የራሷ ሰዎች አጠፏት። ከ17ቱ ጦርነቱን በአገልግሎት ላይ እንዳለች የጨረሰችው አላጌ ብቻ ናት፤ እርሷም በጁን 1942 በስሕተት የገዛ ወገኗን የጦር መርከብ ኡሶዲማሬን ያሰጠመች ናት።

ቦርጌዜ ከመርከቡ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ። በ1943 ኢጣልያ እጅ ስትሰጥ ከሙሶሊኒና ከጀርመኖች ጋር ቀረ፤ የሚመራው «አሥረኛ» የተባለው ክፍል የባሕር ሥራውን ትቶ በገዛ አገሩ አርበኞች ላይ ዘመተ። በ1949 ከጠላት ጋር በመተባበር ተፈርዶበት ብዙም ሳይቆይ ተለቀቀ፤ የፋሺስቱን ርዝራዥ ፓርቲ በክብር ሊቀ መንበርነት መራ፤ በዲሴምበር 1970 የመንግሥት ግልበጣ አሲሮ ሲከሽፍበት ወደ ስፔን ሸሸ። በ1974 የሞተው በካዲዝ ነው፤ ሺሬን ሌሊት ሌሊት እያስገባ ጋላቢዎቹን በወሰደባት ከተማ። የመርከቧ ዝና ከጦርነቱ በኋላ በሠፊው እንዲነገር ካደረጉት ነገሮች አንዱ የእርሱ የማስታወሻ መጽሐፍ መሆኑን አንባቢ ልብ ቢለው መልካም ነው።

በ1984 የኢጣልያ ባሕር ኃይል ወደ ሐይፋ ሄዶ ከፍርስራሿ ውስጥ የ42 ሰዎችን አፅም አወጣ፤ በባሪ በሚገኘው የጦር ሰለባዎች መካነ መቃብር በክብር አሳረፋቸው። ከአካሏም ተቆርጠው የወጡ ብረቶች ወደ ኢጣልያ ሄደው በመታሰቢያነት ተቀመጡ። ይህን ማድረጋቸው ተገቢ ነው። ሙታንን ከባሕር ወለል አውጥቶ መቅበር የማንም አገር ግዴታ ነው።

ጥያቄዬ በስሙ ላይ ነው። አንድ ወዳጄ፣ እርሱም ኢጣልያ ተምሮ የመጣ፣ ስለዚህ ጉዳይ ስንከራከር እንዲህ አለኝ፦ ዛሬ ስሙን የሚጠሩት ጦርነቱን ለማክበር አይደለም፤ የሚያከብሩት መርከቧንና ሰዎቿን ነው፤ አብዛኞቹ ሽሬ የት እንዳለች እንኳ አያውቁም። እውነቱን ነው። የሚከነክነኝም ይኸው ነው። ስሙ አንድ ጊዜ የወረራ ድል ሆኖ በብረት ላይ ተጻፈ፤ ብረቱ ጀብዱ ሠራ፤ ጀብዱው ስሙን አጠበው፤ ከታጠበ በኋላ የወረራው ነገር ከላዩ ላይ የለም። የአገሬው ሰው ይህን ስም ሲሰማ የሚያስበው እስክንድርያን ነው። እኛስ? በ2012 አፊሌ በምትባል የጣልያን ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲሠራ በአገር ቤትም በውጭም ያለነው ጮኸናል፤ መጮኻችንም ትክክል ነበር። የግራዚያኒን ስም እናውቀዋለንና። የራሳችን ከተማ ስም በሌላ አገር የጦር መርከብ ላይ ተጽፎ ሲሄድ ግን የተቃወመ ቀርቶ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። በዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ስለ 1928ቱ ጦርነት ስናስተምር ስለ አድዋ ምድብ መርከቦች አንድ ዓረፍተ ነገር አንናገርም፤ እኔም ራሴ ለብዙ ዓመታት አልተናገርኩም።

«የራሳችን ከተማ ስም ተጽፎ ሲሄድ» ያልኩት ያለፈውን ብቻ አይደለም። በዚያው በላ ስፔዝያ ሙጃኖ መሥሪያ ቤት አዲስ የናፍጣና የኤሌክትሪክ ሰርጓጅ መርከብ ተሠርታለች። ናፍጣና ባትሪ ብቻ ሳይሆን በሃይድሮጅን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክፍል ስላላት እንደ እናቷ በየሌሊቱ ለአየር መውጣት የለባትም። ሺሬ ተብላለች። አገልግሎት የጀመረችው በፌብሩዋሪ 2007 ነው። ወደ ባሕር የወረደችው ግን ዲሴምበር 18 ቀን 2004 ነው፤ ቀኑ የእስክንድርያው ዘመቻ መታሰቢያ ስለሆነ። በዚያች ዕለት፣ ኢጣልያ በ1947ቱ የሰላም ውል እመልሳለሁ ብላ ፈርማ ግማሽ ምዕት ዓመት ያቆየችው የአክሱም ሐውልት፣ ሮም ውስጥ ከቆመበት ተነሥቶ፣ በሦስት ተከፍሎ፣ መጓጓዣ እየጠበቀ መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ነበር። ከአራት ወር በኋላ በኤፕሪል 2005 በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭኖ አክሱም ገባ። ከአክሱም እስከ ሽሬ በመኪና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።